የእሜቴ ግራ ዓይን

ሰኞ፣ ሜይ 12። ጠዋት፣ ከሌሊት ሥራ መልስ።

በታላቅ ሐዘን እናስታውቃለን። የክብርት እሜቴ ግራ ዓይን ዛሬ ንጋት ላይ፣ ሙርዋይክ ሰፈር በሚገኘው ማረፊያቸው፣ በድንገት ጠፍቷል። ሕመሙ አጭር ነበር። ሁለቴ ብልጭ፣ አንዴ ቀላ፣ ከዚያ ዝም። ቀኝ ዓይናቸው እስካሁን በሕይወት አለ። ለቅሶ ደራሽ ፒንሳ ይዞ ይምጣ።

ደብተር ሆይ፣ አዲስ ነህና ላስተዋውቅህ። ከአንተ በፊት የነበረው የሞተር ዘይት ጠጥቶ ነው የሞተው። እሜቴ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ናቸው። ቀይ። ሁለት ወንበር። የጨርቅ ጣሪያ። መሪ በቀኝ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል። እዚህ ደቾች አገር ሃምሳ የሞላው መኪና አፔካ ከሚሉት የቴክኒክ ምርመራ ነጻ ነው፤ "በቃህ፣ አናስቸግርህም" ይባላል። ሰው ግን ሃምሳ ካለፈው በኋላ ነው በየፖስታው ለምርመራ የሚጠራው። እሜቴ አልሞላቸውም። ማርጀቱን ግን አርጅተዋል።

ባለፈው ወር አፔካ ወደቁ። ምክንያት፦ የኋላ መብራት። መርማሪው የጻፈው ወረቀት ላይ ቦታ ስላለቀበት ጠርዙ ላይ ወደ ላይ እየወጣ ጨረሰው።

ሁለተኛው ቀጠሮ ሜይ 30፣ ዓርብ። አስቴር (ሚስቴ፤ በሥራዋ የአዛውንት ቤት ለቤት ተንከባካቢ፣ በቤቷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት) ውሳኔ አሳልፋለች። ካለፉ ይቆያሉ። ከወደቁ ከሌይደን ከተማ ለመጣ አንድ ፈላጊ ይሸጣሉ። ይግባኝ የለም። ሰውዬው ትናንት መጥቶ ሦስት ጊዜ ዞራቸው፣ ፓራፋንጓቸውን ዳበሰ፣ ምራቁን ዋጠ፣ ስልክ ቁጥሩን ትቶ ሄደ። የውሳኔው ምክንያት በቃል ተነቧል፦ አስቴር ከገና ጀምሮ ከባሏ ያየችው እግሩን ብቻ ነው። ከመኪና ሥር የወጡ ሁለት እግሮች። ያገባችው ግን ሙሉ ሰው ነበር።

የተከሳሽ መልስ፣ ለመዝገብ ያህል። በሮተርዳም ወደብ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ስነዳ ዕድሜዬ ሄደ። የሌላ ሰው ጫማ፣ የሌላ ሰው ሙዝ፣ የሌላ ሰው ፍሪጅ። እሜቴ ምንም አይሸከሙም። አንድ ሻንጣ እንኳ በልመና ነው የሚቀበሉት። እኔም ምንም የማይሸከም አንድ ነገር መንዳት እፈልጋለሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ይህን ስናገር አስቴር ሽንኩርት መክተፏን አላቆመችም።

ረቡዕ፣ ሜይ 14።

የሕመምተኛዋ ሁኔታ። ፍሬን ስረግጥ የኋላው ግራ ፍሬቻ ይጠቅሳል። ፍሬቻውን ሳበራ የኋላ መብራት ሁሉ አብሮ ይጨፍራል። ይህ የቆየ ሕመም ነው፤ አፔካ የጣላቸውም እሱ ነው። ከሰኞ ወዲህ ደግሞ አዲስ ተጨምሯል። የፊት ግራ ዓይን እንደ ስሜቱ ነው። ክላክሱ ሳይነካ ይጮኻል፣ ሲነካ ዝም ይላል። እሜቴ አንድ ነገር ሲጠየቁ ስለ ሌላ ነገር ነው የሚመልሱት። እንግሊዝ አገር ይህ ጨዋነት ሊሆን ይችላል።

ሰይድ መጣ። የወደብ ባልደረባዬ፣ የኮምቦልቻ ልጅ፣ ነዋሪነቱ ሮተርዳም ዙይድ። ድሮ ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ሠርቷል። ለስንት ጊዜ? እንደ አድማጩ ነው። ለእኔ ሁለት ዓመት፣ ለአለቃችን ስምንት። መሣሪያው ሽቦ ያላት አንዲት የመሞከሪያ አምፖል ናት። እንደ ሐኪም አንገቱ ላይ ያንጠለጥላታል።

ገና ከበሩ ሆኖ "ማሳ ነው" አለኝ። ኮፈኑ ውስጥ ገና አላየም ነበር።

ማሳ፣ በእኛ አገር መካኒክ አፍ፣ ኤሌክትሪኩ ሥራውን ጨርሶ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ነው። መመለሻ ያጣ ኤሌክትሪክ እንደ ሰካራም ነው፤ የሰው በር ያንኳኳል። ፍሬኑ በፍሬቻ በኩል የሚወጣው ለዚህ ነው። ትምህርቱ ጥሩ ነው። ችግሩ፣ ሰይድ ዘንድ የማሳ ያልሆነ ነገር የለም። ትራም ሲዘገይ ማሳ ነው። የጀርባ ሕመሜ ማሳ ነው። የእህቱ ባል ሥራ መፍታት፣ ማሳ።

የፊቱን ማሳ ፈታ፣ አየ። ያብረቀርቃል። "የኋላውስ?" አለ። የኋላው አይነካም አልኩት። የሻንጣውን ክፍል በገና ሰሞን በገዛ እጄ ጥቁር ቀለም ቀብቼዋለሁ። ሦስት ዙር። ጢም መላጫ መስታወት ነው። ከላይ አዲስ ምንጣፍ አልብሼዋለሁ። ያ ክፍል የእሜቴ ሳሎን ነው፤ በጫማ አይገባም፣ በፒንሳ ጭራሽ።

ሰይድ ትንሽ አየኝ። "አብሽር፣ ሳሎንህን አልነካብህም" ብሎ አምፖሉን አንገቱ ላይ መለሰ።

ደብተር ሆይ፣ የሰው ልጅ ምቀኝነት።

ዓርብ፣ ሜይ 16። ከሰዓት በኋላ።

ድል። ይጻፍ። በትልቁ ይጻፍ።

የፊውዝ ሳጥኑን ከፈትኩ። እሜቴ ያላቸው ፊውዝ አራት ነው። የዛሬ መኪና ለወንበር ማሞቂያው ብቻ ከዚህ በላይ ይይዛል። አንድ በአንድ አወጣሁ፣ ጠረግሁ፣ መለስኩ። ግራ ዓይን በራ። ክላክሱ ታዘዘ። ጋራዡ ውስጥ ብቻዬን ሰላምታ ሰጠሁ፣ በወታደር ደንብ።

አስቴር ጋ ደወልኩ። ሥራ ላይ ነበረች፣ አንዲት የዘጠና ዓመት ባልቴት ካልሲ እያጠለቀችላቸው። "በጣም ጎበዝ" አለችኝ። በኋላ ሳስበው፣ ለእኔ ይሁን ለባልቴቷ አልታወቀም።

ኮፈኑን እንደ ልማዴ ክፍት ትቼላቸው መጣሁ። አየር ይግባላቸው። ድካም አለባቸው።

ቅዳሜ፣ ሜይ 17። ጠዋት።

የትናንቱ ድል ተሰርዟል። ግራ ዓይን ሞቷል። ቀኙም ታሟል። ቁልፉን ስከፍት ክላክሱ ራሱ ጀመረ፤ የላይኛው ፎቅ ጎረቤት በፒጃማ መስኮት ላይ ወጣ። እጄን አውለበለብኩለት። እሱ አላውለበለበም።

እንግሊዞች ሆን ብለው ነው። አገር ሲለቁ የሚተዉት አንድ ነገር መቼም አያጡም።

እሑድ፣ ሜይ 18።

ምሳ ላይ አማቴ የታማሚዋን ሁኔታ ጠየቁ። እማማ ብርነሽ፣ የአስቴር እናት። ከአዲስ አበባ ለሦስት ወር ሊጠይቁን መጥተዋል። ሻንጣቸው ሲከፈት ግማሹ በርበሬ፣ ግማሹ የጸበል ጠርሙስ ነበር። ብዙ አይናገሩም። የሚናገሩትን ግን ሁለተኛ መስማት አያስፈልግም።

ሁሉን ነገርኳቸው። ማታ ድነው ጠዋት ይታመማሉ አልኩ። ሳይነኳቸው ይጮኻሉ። ሕመሙ ከግራ ወደ ቀኝ ይዞራል።

እማማ ጉርሻቸውን አቆሙ። ጠዋት ጠዋት ነው የሚብስባት? አዎ። መጮህ የጀመረችው ያ ረጅም ሰውዬ አይቷት ከሄደ በኋላ ነው? አሰብኩ። የሌይደኑ ሰውዬ እሑድ መጣ፣ ዓይኗ ሰኞ ጠፋ። አዎ፣ እማማ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። የተጠናቀቀ ምርመራ ያለው ሰው አነቃነቅ ነው። "ምራቁን ሲውጥ አይቼዋለሁ" አሉ፣ ወደ ምግባቸው ተመለሱ።

እኔ ሳቅሁ። አስቴር በጠረጴዛው ሥር ረገጠችኝ።

ከዚያ እማማ ቅር ያላቸውን ተናገሩ። ለብረቱ "እሳቸው" እያልኩ፣ ለእሳቸው ደግሞ ትናንት "ጨው አቀብዪኝ" ማለቴን። ለአስቴር ነበር ያልኩት፣ ምያለሁ። አላመኑኝም።

ማክሰኞ፣ ሜይ 20።

ሰይድ በድጋሚ። በዚህ ጊዜ ግኝት አለ። የፊውዝ ሳጥኑ እርጥብ ነው። ክዳኑ የጠፋው እኔ ከመግዛቴ በፊት ነው፤ በውስጡ ጠብታ ተንጠልጥሏል፣ ጥርሶቹ አረንጓዴ ዝገት አብቅለዋል።

ሰይድ ጣቱን ነክሮ ቀመሰው። አሲድ አይደለም አለ። የባሕር ውኃም አይደለም። እንዲያውም ጥሩ ውኃ ነው። አፉን ጠረገና ማሳው ውኃ ጠጥቷል ሲል ደመደመ።

ጣሪያው ያፈሳል ማለት ነው። ቤቱን ለሚያከራየው ድርጅት ደወልኩ፣ በቁጣ፣ በምችለው ደች ሁሉ። ከሰዓት አንድ ሰው መሰላል ይዞ መጣ። ጣሪያው ላይ ወጣ። ወረደ። ጣሪያው ላይ እርጥበት የለም፤ እንዲያውም በሙርዋይክ ካያቸው ጋራዦች ደረቁ ይህ ነው አለ። ከዚያ ክፍቱን ኮፈን አየ፣ እርጥቡን ሳጥን አየ፣ ጣቱን የሚልሰውን ሰይድን አየ። እናንተ ናችሁ የምታጠጧት? ብሎ ጠየቀ።

ሰይድ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ።

አሥር ቀን ቀርቷል። ከሰማይ ካልመጣ፣ ይህ ውኃ ከየት ነው የሚመጣው?

ሐሙስ፣ ሜይ 22። ጠዋት።

ተያዘ።

ፈረቃው ቀድሞ አለቀ፤ አንዱ መርከብ ዘግይቶ ሥራ አልነበረም። ቤት ሳልገባ ቀጥታ ወደ ጋራዡ። በሩ ገርበብ ብሏል። ቁልፉ ሁልጊዜ ወጥ ቤታችን ሚስማር ላይ ነው የሚሰቀለው። ሌባ ነው ብዬ ከቆሻሻ መጣያው ጀርባ ተደበቅሁ። ጀግንነት በየቦታው መልኩ ይለያያል።

ሌባው ነጭ ነጠላ ለብሰዋል።

እማማ ብርነሽ ክፍት ኮፈን ፊት ቆመዋል። በግራ እጃቸው ጠርሙስ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። መዳፋቸውን ሞልተው አንዴ ግራ ዓይን ላይ፣ አንዴ ቀኝ ዓይን ላይ፣ ከዚያ መሐል ላይ፣ ደህና አድርገው፣ ክዳን የሌለው ፊውዝ ሳጥን ላይ። ፓራፋንጎውን መታ መታ አደረጉ። "አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ያ ረጅም ሰውዬ አይወስድሽም" ሲሉ ሰማሁ።

በሩን ዘጉ፣ ቆለፉ፣ እንደ ንጉሥ ዘበኛ ቀጥ ብለው ሄዱ።

ለታሪክ እንዲህ ይጻፍ፦ ምርመራው ተጠናቋል። ጸበሉ የተጀመረው የሌይደኑ ሰውዬ ባያቸው ማግስት ንጋት ላይ ነው። ለእሜቴ ሕመም ተጠያቂው ጸበሉ ነው። ፋይሉ ተዘግቷል።

ያው ቀን። ከሰዓት በኋላ።

ፋይሉ ተዘጋ እንጂ ችግሩ አልተዘጋም። አሁን ይህን ማን ነው ለእማማ የሚነግራቸው? "እማማ፣ ጸበልዎ መኪናዬን ገደለብኝ" የሚል አማች እስካሁን አልተወለደም፤ ቢወለድም ክርስትና የሚያነሳው አያገኝም።

አስቴርን ጠየቅኋት። እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፣ ዕንባዋ እስኪወርድ። አንቺ ንገሪያቸው አልኳት። "እናትነቷ ለእኔ ነው፣ መኪናው የአንተ። አንተው ንገራት" አለችኝ። ደግሞ አስታወሰችኝ፦ ሜይ 30 ሜይ 30 ነው። በጸበልም ይሁን በሌላ፣ የወደቀ ወደቀ ነው።

ሰይድ በስልክ ሌላ ሐሳብ አመጣ። ቁልፉን ደብቅ። ሞኝ። ቁልፍ የተደበቀባቸው አማት ጸበሉን ወጥ ቤት ውስጥ ይጀምራሉ፤ እዚያ ደግሞ ያለው የቤቱ ኤሌክትሪክ ሁሉ ነው።

ዓርብ፣ ሜይ 23።

ንግግር ተደረገ። ዝግጅቱ ረጅም፣ ንግግሩ አጭር።

ሶፋው ላይ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ተነሣሁ፣ እንደገና ተቀመጥኩ። "እማማ፣ ብዙ አሰብኩበት። ሕመሙ ከመኪናዋ አይመስለኝም። ከሚነዳት ሰው ነው።"

እማማ መነጽራቸውን አወለቁ። "እሱንማ የመጣሁ ዕለት ነው ያወቅሁት" አሉ።

በጄ። ታዲያ መድኃኒቱ ወደ ታመመው ቢዞር አይሻልም? ይሻላል አሉ። በጣም ቶሎ ነው ያሉት፤ ደስም አላለኝም። ደንቡንም ወዲያው አወጡ። በባዶ ሆድ። ጠዋት፣ ከሥራ ስመጣ። ቦታው እዚያው ጋራዡ፤ በሽታው የያዘበት ቦታ ነዋ። ወደ መኪናዋ ግን ጠብ አይልም አልኩ። መኪናዋማ ምን አደረገችና አሉ።

ዲፕሎማሲ። ይህን የመሰለ ስምምነት ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ባለባት በዚህች ከተማ ተፈርሞ ያውቃል? አልመሰለኝም።

እሑድ፣ ሜይ 25።

ሁለት ቀን ተረጨሁ። ውኃው ቀዝቃዛ ነው። እጃቸውም ለጋስ ነው። የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ዛሬም መስኮት ላይ ነበር። አውለበለብኩ። በዚህ ጊዜ እሱም አውለበለበ፣ ቀስ ብሎ፣ የታመመ ሰው እንደሚሰናበቱት።

የእሜቴ ፊት ግን ደረቀ። ሳጥኑን በአስቴር ፀጉር ማድረቂያ አደረቅሁት (አልጠየቅኳትም)፣ ዝገቱን ፈገፈግኩ፣ ከምግብ ዕቃ ክዳን ቆርጬ ክዳን ሠራሁለት። ግራ ዓይን፦ በራ። ቀኝ ዓይን፦ በራ። ክላክስ፦ ሲነኩት ብቻ። ትናንት በራ፣ ዛሬም በራ። የፊተኛው ግንባር ነጻ ወጥቷል።

የኋላው ግን እንዳለ ነው። ፍሬን ስረግጥ ፍሬቻው ይጠቅሰኛል። እንደሚያሾፍ። አምፖል ቀየርኩ፣ ሶኬት ጠረግሁ፣ ሽቦውን ከፊት እስከ ኋላ በጣቴ ተከተልኩ። ምንም። የሌይደኑ ሰውዬ ለአስቴር ደውሎ ነበር። ዓርብ ከሰዓት ደውል አለችው። በጣም ትሁት ሰው ነው አለችኝ። ሙሉ ሰው ነው ማለቷ ነው።

ማክሰኞ፣ ሜይ 27።

ምንም የለም። ሰይድ ሦስት ጊዜ ደወለ። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ሳሎኑ ጠየቀኝ። አይነካም አልኩ። ለሌይደኑ ሰውዬ በንጽሕና ነው የማስረክባቸው።

ይህን የጻፍኩት በንዴት ነው። ግን አልሰርዘውም።

ረቡዕ፣ ሜይ 28። ጠዋት። 

በሥርዓት ይነገር።

እማማ ዛሬ ከጠርሙሶቹ የአንዱ ሥር ላይ ደርሰው ነበር። ይህቺ ለነገ አትተርፍም ብለው የቀረውን በሙሉ አናቴ ላይ ደፉት። በአንገቴ ገባ፣ በጀርባዬ ወረደ፣ በካልሲዬ ወጣ። አመሰግናለሁ እማማ አልኩ፣ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ። ፎጣ ፍለጋ የእሜቴን ሻንጣ ክፍል ከፈትኩ። ጎንበስ ስል ውኃው ከአናቴ ምንጣፉ ላይ ተንዠቀዠቀ። አዲሱ ምንጣፍ። ከሥሩ ደግሞ ቀለሜ።

ውኃ ቀለሜ ላይ እንዳይተኛ ብዬ ምንጣፉን ገፈፍኩት። በእጅጌዬ ስጠርግ፣ ስጠርግ፣ ጣቴን አንድ ጉብታ ነካው።

ቡሎን። ከቡሎኑ ሥር የጥቁር ሽቦ ጫፍ። ሦስቱም፣ ቡሎኑም የሽቦው ጫፍም ከሥሩ ያለው ብረትም፣ በሦስት ዙር ጥቁር ቀለም ተሸፍነው እንደ መስታወት ያበራሉ። በገና ሰሞን ፈትቼ፣ ሥሩን ቀብቼ፣ መልሼ አስሬ፣ ከላይም ደግሜ ቀብቼዋለሁ። በፍቅር። ብሩሹ ያልነካው ቦታ እንዳይኖር።

ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የኋላ መብራት ሁሉ መመለሻ መንገዱ ያ ቡሎን ነው።

ማሳ።

ፈታሁት። የብርጭቆ ወረቀት አምጥቼ ብረቱ ነጭ እስኪሆን ፋቅሁት። ሳሎኔን ፋቅሁት፣ ደብተር ሆይ፣ በገዛ እጄ። አሰርኩት። እማማን የፍሬን ፔዳሉን ይርገጡልኝ አልኳቸው። ነጠላቸውን ሰብስበው በቀኝ ወንበር ገቡ፣ ፔዳሉን እንደ ዘመድ ቤት በር በእግራቸው ገፋ አደረጉት። ሁለት ቀይ መብራት። ቀጥ ያለ። የሚጠቅስ የለም። ፍሬቻ፦ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ። ፍሬቻ ብቻ። ሌላው ሁሉ ሥራውን አውቆ ተቀምጧል።

ሰይድ ጋ ደወልኩ። የት እንዳገኘሁት ነገርኩት።  አላልኩህም ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ የሰው ልጅ በዕድሜው እንዲህ ያለ ዕድል አንዴ ነው የሚያገኘው። ከዚያ በጣም በቀስታ፣ "የጀርባህ ሕመምም እኮ..." አለ። ዘጋሁበት።

ዓርብ፣ ሜይ 30። ከሰዓት በኋላ።

አለፉ።

መርማሪዋ ጓንት ያጠለቀች ወጣት ነበረች። አትስቅም። ፊት፣ ኋላ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ፍሬን፣ ክላክስ። እኔ ውጭ በመስታወቱ በኩል እንደ ወላድ ባል አየሁ። የሻንጣውን ክፍል ከፈተች፣ ከመስታወቱ ጥቁር መሐል የተፋቀውን ነጭ ቦታ አየች፣ ይህን የመሰለ ቀለም ማን አበላሸው አለችኝ። እኔ ነኝ አልኩ። በሕይወቴ እንዲህ ኮርቼ ጥፋቴን አምኜ አላውቅም።

"ኔትየስ" አለች። የተጣራ ሥራ ነው ማለት ነው፤ ደቾች ከዚህ በላይ ሲያመሰግኑ አልሰማሁም። ወረቀቱ ላይ ምንም አልጻፈችም። ጠርዙም ነጭ ነው።

የሌይደኑ ሰውዬ ደወለ። ስልኩን አስቴር ናት ያነሳችው። እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ ሰማሁ። በጣም አዝናለሁ፣ አልፋለች፣ አትሸጥም አለችው። ትንሽ ሰማችውና፣ አይ፣ በሚቀጥለው ዓመትም አትሸጥም አለች። ይህን ፍርድ ቤቱ በራሱ ፈቃድ ነው የጨመረው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ ፀጉር አለህ ለካ አለችኝ።

የፀጉር ማድረቂያዋን ነገር ለመናገር ቀኑ ዛሬ አይደለም።

እሑድ፣ ጁን 1።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ እማማን ወደ ስኬቬኒንገን ባሕር ይዤ ወጣሁ። ጣሪያ ተከፍቶ። በጠራራ ፀሐይ መብራት ሁሉ በርቶ። ምክንያት የለውም። ስለሚበራ ነው።

መሪው በቀኝ ስለሆነ እማማ የተቀመጡት ይህ አገር ሾፌር በሚጠብቅበት በግራ ነው። ቀይ መብራት ላይ አንድ ብስክሌተኛ ወደ መኪናው ዞረ፤ ነጠላ የተከናነቡ ባልቴት፣ ሁለት እጅ ጭን ላይ፣ መሪ የለም። እማማ በጨዋ ደንብ ጎንበስ ብለው ሰላም አሉት። አረንጓዴ በርቶ እኛ ስንሄድ እሱ እዚያው ቀረ።

ፍሬቻውን ወደዱት። ቀጥ ባለው መንገድም አብራው አሉኝ። እማማ፣ የምንታጠፍ ይመስላቸዋል አልኩ። ይምሰላቸው አሉ።

ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ታሪኩን ተናግረዋል። ሴቶቹ ሁሉ ሰምተዋል። አንዷ የሮተርዳም ዙይድ ሴት ልብስ ማጠቢያ ማሽኗ ሲሽከረከር ይጮኻል፤ ለማክሰኞ ቀጠሮ ይዛለች። ሰይድ በስልክ ሰምቶ ረዳት ሆኜ ልሂድ፣ ማሳውን አያለሁ አለ።

ባሕሩ ዳር ቆመን ሳለ ደፈርኩ። እማማ፣ ለመሆኑ ለምንድን ነው እንዲህ የደከሙላት? እርስዎ ጣሪያ የሌለው መኪና ዕፍረት የሌለው መኪና ነው ሲሉ አልነበረም? አልኳቸው። "ከተሸጠችማ አንተ ቀኑን ሙሉ ቤት ልትውል አይደል?" አሉ። "ለልጄ አስቤ ነው።"

ዓይናቸውን ከባሕሩ ሳያነሡ፣ "ደግሞ ያን ቀን ከቆሻሻው ጀርባ እግርህን አይቼዋለሁ" አሉ። "እንዴት አድርገህ እንደምትነግረኝ ልይ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ደህና አድርገህ ነው የነገርከኝ።"

በዚህ ቤት እግሬን የማያውቅ የለም።

ወደ ቤት ስንመለስ ክላክሱን ራሳቸው ነኩት። አንዴ። ለላይኛው ፎቅ ጎረቤት።

ውሳኔ፦ ከዛሬ ጀምሮ እሜቴ በየእሑዱ ሁለት ሰው ይጭናሉ። ምንም አይሸከሙም የተባለው ተነሥቷል።

እርማት። በዚህ ደብተር በሜይ 22 ቀን "ለእሜቴ ሕመም ተጠያቂው ጸበሉ ነው" ተብሎ የተመዘገበው እንደሚከተለው ተስተካክሎ ይነበብ። የፊቱን መብራት በተመለከተ ጸበሉ ተጠያቂ ነው። የኋላውን መብራት በተመለከተ ተጠያቂዎቹ የዚህ ማስታወሻ ጸሐፊና ብሩሹ ናቸው፤ ጥፋቱን መርምሮ ያገኘው ደግሞ ጸበሉ ነው። አንዱ በሌላው ተቻችሎ፣ ጸበሉ በነጻ ተሰናብቷል። የቀሩት ጠርሙሶች ግን ከኮፈኑ ርቀው ይቀመጡ። ይህን እርማት የፈረመው፣ ከእግር እስከ ራስ፣ ሙሉ ሰው ነው።